አጭሩ የንፋስ መከላከያ

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ብቸና ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ በየበሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡ ረጅም ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞጣ ያሉ ተማሪዎችንም ያያሉ። የመናኸሪያው ግፊያ ሲያቅታቸው ልጃቸው ብሩክታይት ለሩቅ መንገድ የሚሆን ትልቅ ሞተር ሳይክል ገዛችላቸው። ወደዱት፤ ግን አፈሩበት። ሰው እንዳያያቸው ከብቸና በጨለማ ወጥተው በጨለማ ይመለሳሉ፤ ሞጣ መግቢያ ላይም ዘመድ ግቢ አቁመውት በእግር ይገባሉ።

ችግሩ ነፋሱ ነበር። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ሜዳው ላይ ደረታቸውን ይደበድበዋል፤ ዓይናቸው ያነባል። ሲመርራቸው ሞጣ የሞተር ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ሳሊህ ሱቅ ገቡ።

ሳሊህ ሁለት የንፋስ መከላከያ አወጣ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። «መሪጌታ፣ ይህ በቁመት ነው የሚመረጥ። ነጂው ሲቀመጥ ጫፉ ካፍንጫው ትክክል ይሁን። ካጠረ ነፋሱን ሰብስቦ ግንባር ላይ ይለቀዋል፤ ከረዘመ ደግሞ በዝናብ ጊዜ መንገድ አያሳይም። ነጂው ማነው?»

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። «የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ።

«ቁመቱስ?»

«እንዳንተ።»

ሳሊህ ድንክ ቢጤ ነው። አጭሩን ሰጣቸው።

ዘመድ ግቢ ገብተው ራሳቸው ገጠሙት። ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ ነፋሱ በመከላከያው ጫፍ ተስፈንጥሮ ጥምጥማቸውን ገፎ ወሰደው። ገበያተኛው እያየ፣ መሪጌታ ራሳቸውን ተገልጠው በሰው ማሳ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አባረሩ።

በሳምንቱ በንዴት እየጋሉ ሱቁ ገቡ። «የማይረባ ዕቃ ሸጥህልኝ! አታለልኸኝ!»

ብቸና ሞተር የሚጠግነው ዘመነ ዕቃ ሊገዛ ቆሞ ነበር። የያዘውን መልሶ አስቀምጦ ወጣ።

ሳሊህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሪጌታ፣ የወንድምዎ ልጅ ምን ሆነ?»

ስንቱን ተማሪ ስለ ሐሰት የገሠጹ ሰው መሬት መሬት አዩ። «ነጂው እኔ ነኝ።»

ሳሊህ አልሳቀም። ሞተሩን አስመጥቶ በጓሮ አስገባቸው፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ረጅሙን ካፍንጫቸው ለክቶ በእጁ አሠረላቸው።

«ይቅር በለኝ፣ ሳሊህ።»

«አውፍ ብያለሁ። ምንም አይደል።»

ነገር ግን ስድቡ በሰው ፊት ነበር፣ ይቅርታው በጓሮ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ብቸና ሲደርሱ «ሳሊህ መሪጌታን ሳይቀር አታለለ» የሚለው ወሬ ቀድሟቸዋል። ሞተራቸውን እየነዱ፣ ሰው እያያቸው፣ ዘመነ ደጅ ሄደው ቆሙ።

«ዋሽቼ ነው የገዛሁት፤ ሰውየው እውነተኛ ነው» አሉት።

ዘመነ ፈገግ አለ። «ኧረ ይተዉት፣ መሪጌታ። እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው እሱን የሚሸፍኑት።»

ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነገሩት፤ አላመናቸውም። እስከ ዛሬ ከሳሊህ አይገዛም። ሳሊህ ምክንያቱን አያውቅም። ቅዳሜ ሲያገኛቸው «ነፋሱ እንዴት ነው፣ መሪጌታ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ዓይኑን ሳያዩ፣ «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ያልፋሉ።