የእትዬ ብርቄ ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ናሆም ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቶ ትንሽ እንደነካካ ሳቀብኝ።

«አክስቴ፣ ዋይፋይሽን ሰፈሩ በሙሉ ተካፍሎታል እኮ! የይለፍ ቃሉን ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ።»

«እንዲህማ አይደረግም። አንዴ የገባ ሰው ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለውንም ሊጎረጉር ይችላል።»

ይህን ብሎ የይለፍ ቃሉን ይቀይር ጀመር። እኔ ደግሞ ነገ የጎረቤት ፊት እንዴት አያለሁ እያልኩ እጨነቃለሁ። ጠይቆኝ የመጣን ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። እናቴ በዚህ ጠባይዋ አንድ ጊዜ ግቢውን ሁሉ ልታስበላ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ እዚሁ ናዝሬት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። እኔና እናቴ የምንኖረው እትዬ ብርቄ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። በግቢው ሬዲዮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደ እኛው ተከራይ የሆነው ሾፌር፣ ጋሽ ከድር፣ አሮጌ ስፒከሮች ከሻሸመኔ እየለቀመ አምጥቶ በየክፍላችን ሰቀለልንና ከሬዲዮው ጋር በሽቦ አገናኛቸው። እትዬ ብርቄ ሲከፍቱ የሁላችንም ቤት ይናገራል። ሽንኩርት እየላጥን፣ ልብስ እየተኮስን፣ ከየቤታችን አንድ ዜና እንሰማለን። እንዴት እንኮራበት እንደነበር! እንግዳ ሲመጣ አውቀን ዝም እንልና ግድግዳው ሲናገር መደንገጡን እናያለን።

ኋላ የማዕዘኑን ክፍል ጓድ ደምሴ ተከራዩት። የቀበሌ ሰው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ብቸኛ፣ ካኪ ከላያቸው የማይወርድ። «ለኔስ አይዘረጋልኝም?» አሉ። ማን እምቢ ይበል? ተዘረጋላቸው።

የእትዬ ብርቄ አንድ ልጅ ተስፋዬ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ቀርቷል። እዚያ የሚዋጉት አማፂዎች ደግሞ በሬዲዮአቸው የማረኳቸውን ወታደሮች ስም ከነአገራቸው ያነብቡ ነበር። ስሙ ተጠራ ማለት ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው። ያንን ጣቢያ ሲሰማ የተያዘ ሰው ወዴት እንደሚሄድም ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ እትዬ ብርቄ ዘዴ አበጁ። ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ቋጠሮ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ነበር። ማምሻ ላይ እኔ ዞሬ እፈታዋለሁ፤ ግቢው ዝም ይላል። ለጠየቀ ሰው «ባትሪ ድንጋይ እየቆጠብን ነው» ይባላል። ከዚያ ሁለታችን በር ዘግተን ሬዲዮው ላይ ጆሯችንን እንደቅናለን። ያ ጣቢያ አስቸጋሪ ነበር። አንዴ ከተያዘ በኋላ ሬዲዮውን ወይም ሽቦውን ከነኩት ሞገዱ ይጠፋል። ስሞቹ ሲነበቡ እትዬ ብርቄ አንድ በአንድ ይደግሙና «እሰይ፣ የእናቱ ልጅ!» ይላሉ። የማያውቁትን የሰው ልጅ! የአካባቢያችን ከተማ ከተጠራ ስሙን በቃላቸው ይዘው ለጋሽ ከድር ይነግሩታል። እሱም ዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ሊጭን፣ ወይ አርሲ እህል ሊያመጣ ሲሄድ እናትየውን አፈላልጎ ያደርሳል። ምስጢሩን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

አንድ የግንቦት ማምሻ፣ ነፋሱ አቧራውን አስነስቶ ቆርቆሮውን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ እናቴ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት በጊዜ ተመለሰች። ጓድ ደምሴ በራቸው ላይ ቆመው «ዛሬም ተቋረጠ» ቢሏት አንጀቷ አልቻለም። ብቸኛ ሰው፣ ዜና እንኳ ይቅርበት? ከቤቱ ጀርባ ዞረች፤ እኔ ፈትቼ የገባሁትን ቋጠሮ አጥብቃ ቋጠረችው። እኛ ገና ጣቢያውን እየፈለግን ነበር።

አንባቢው «ከአርሲ፣ ከአቦምሳ...» ሲል ያው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያም መጣልኝ። ከጓድ ደምሴ ክፍል ነው። ሬዲዮውን ልዘጋ እጄን ስሰድ እትዬ ብርቄ ያዙኝ።

«ተይ!»

«እትዬ፣ ጓድ ደምሴ እየሰሙ ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ። የአቦምሳው ልጅ ስም ገና አልተጠራም፤ እናቱ ትጠብቃለች። ተይ አልኩሽ።»

አንባቢው የልጁን ስም እስከ አያቱ ጠራ። እትዬ ብርቄ ደገሙት፤ «እሰይ» ማለታቸውንም አልተዉም። ከዚያ ራሳቸው ዘጉት። በሩ መቆለፉን ሁለት ጊዜ ተመልሰው አዩ። እንደዚያ ፈርቶ እንደዚያ የጸና ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ደምሴ ስፒከራቸውን ነቅለው ይዘው መጡ። እናቴ ያደረገችው ምን እንዳስከተለ ሌሊቱን ነግሬያት ስለነበር አጠገቤ ቆማለች።

«እትዬ ብርቄ፣ ይህን ይውሰዱልኝ። ማታ ማታ ስብሰባ አለብኝ፤ ቤት አልገኝም» አሉ።

ትናንት ቤት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ቋጠሮውንም ወደ ውስጥ ያስገቡት። ውጭ ያለ ነገር የሁሉም እጅ ይደርስበታል።» ከዚያ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም።

ጋሽ ከድር ቋጠሮውን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ስሙንም አቦምሳ አድርሶ ተመለሰ።

«እናትየዋ እግሬ ላይ ወደቀች፤ ወላሂ መቆሚያ አጣሁ» አለ። «ከዚያ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹የላከችህ ሴትዮ የራሷስ ልጅ ተጠርቷል?›»

እትዬ ብርቄ ሽንኩርት ከመላጥ ቀና አላሉም።

«ምን አልካት?»

«መኪናዬን አስነስቼ መጣሁ፣ እትዬ።»

«ዳግመኛ ስትሄድ፣ እየጠበቀች ነው በላት።»

የተስፋዬ ስም አልተጠራም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲመለስም እሱ አልመጣም። እሳቸው ግን ጣቢያው መጥራቱን እስኪያቆም ድረስ የሰዉን ልጅ ሁሉ ስም ተቀብለዋል።

ናሆም ሥራውን ጨርሶ «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባብሽም» አለኝ። ደግ አደረግህ አልኩት፤ ከልቤ ነው። ማታ ብቻዬን ስቀር ግን ያ «ተይ!» ያሉኝ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ድፍረታቸውን ብቻ ነበር ያደነቅሁት። ዛሬ እኔም እናት ነኝ። በእሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ፣ የራሴን ልጅ ስም ሳልሰማ እንዳልታሰር ስል እዘጋው ነበር።