ለእኔ የተሠራው አንቀልባ

ዳማከሴ በመዳፍ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ አፍንጫውን ሲነካው ሌላው ሰው ጉንፋኑን ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው ቅናቴን ነው። ሰሞኑን ልጄን ጉንፋን ይዟት ከደጃፌ ዳማከሴ ጥቂት ቅጠል በጥሼ ሳሽ፣ ሽታው ይዞኝ ፍኖተ ሰላም ወዳለው የእናቴ ቤት ሄደ፣ ገና ሰባት ዓመቴ ወደነበረበት፣ በጨቅላው ወንድሜ ንፍጥ ወደቀናሁበት ጊዜ። በንፍጥ ይቀናል ወይ? እኔ ቀንቻለሁ።

እናቴ ዘንድ አልነበረም ያደግኩት። በእኛ አገር የበኩር ልጅ ለአያት ነው ይባል ስለነበር፣ ጡት እንደጣልኩ የእናቴ እናት ወስዳኝ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር አሳደገችኝ፤ እሷን «እማ» እያልኩ፣ እናቴን ደግሞ ታናናሾቿ ሲጠሯት እንደሰማሁት «እታለም» እያልኩ። እታለም በዓመት ሁለት ሦስቴ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣ ብስኩትና የፀጉር ማስያዣ ታመጣልኝና፣ ስትሄድ ጉንጬን ስማኝ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወርዳ እስክትሰወር ቆሜ አያት ነበር። እማ «እናትሽ እኮ ናት» ትለኝ ነበር። እናትስ አለችኝ፤ ነገሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነበር።

የበቆሎው እሸት በደረሰበት መስከረም፣ ትምህርት እንድጀምር ተብሎ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። እናቴን ላገኛት ነው ብዬ ቋምጬ ነበር፤ የደረስኩት ግን ጭኗ ከተያዘ በኋላ ነበር። ሕፃኑን ይበልጣል ብለውታል፤ ከማን እንደሚበልጥ ማንም ባይነግረኝም ለመገመት አልተቸገርኩም።

ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ በየደጁ ቆሻሻ ሲያቃጥል ውሎ ጭሱ ቤታችን ገባ፤ በማግስቱ ይበልጣል ማስነጠስ ሲጀምር እታለም ጭሱን ስትራገም ዋለች። ተራ ጉንፋን ነበር። አፍንጫው ስለታፈነ ጡቷን ይይዝና መተንፈስ ሲያቅተው ይለቀዋል፣ ይርበውና ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ ደግሞ የባሰ ይታፈናል። እታለም ዳማከሴ አሽታ አንገቷ ሥር ትቀባና እያሸተተ እንዲጠባ ታቅፈው ነበር፤ ከጡቷም ጠብ አድርጋ አፍንጫውን ታረጥብለት ነበር፤ ይህ ሁሉ አልሆን ሲላት አፏን አፍንጫው ላይ ገጥማ፣ ንፍጡን መጥጣ አመድ ላይ ትተፋው ነበር። መጀመሪያ ሳይ ሊያስታውከኝ ደረሰ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ያየሁት ፊቷን ነው፤ አልተጸየፈችም፣ እንዲያውም ትንፋሹ ሲከፈትለት ማር የቀመሰች ይመስል ፈገግ አለች። ቅናቴ ያኔ ቦግ አለ። ለእኔ ብስኩት ይዛ የምትመጣው ሴት፣ ለእሱ ንፍጥ ትመጥጣለች!

ከሁሉ የባሰው አንቀልባው ነበር። ዙሪያው በዛጎል ያጌጠ፣ ቆዳው በቅቤ የለሰለሰ ነበር፤ ይበልጣል እዚያ ውስጥ ገብቶ ጀርባዋ ላይ ሲለጠፍ ለቅሶውን ይተዋል፣ እሷም ወገቧን እያወዛወዘች፣ እሹሩሩ እያለች፣ ወጥ ስታማስልና ግቢ ስትጠርግ ትውላለች። እማ እኔን ስታዝለኝ የኖረችው በአሮጌ ነጠላ ነበር። «የከተማ ልጅ ነዋ፣ ዛጎል ይገባዋል» እያልኩ በሆዴ አጉረመርም ነበር። ማንም በሌለበት ሄጄ ዛጎሎቹን በጣቴ እነካካቸው ነበር፤ አንዷን ነቅዬ ልወረውራት እያማረኝ አልደፍርም።

ጉንፋን ወንድም እህት አይለይምና ወደ እኔም ተሻገረ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ቡሉኮ ተከናንቤ ግድግዳው ሥር ተጋደምኩና፣ ሳል ሳይመጣብኝ እንኳ እየሳልኩ ተራዬን ጠበቅሁ። እታለም ይበልጣልን እንዳዘለች መጣች፣ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ከዚያ ቆማ ቀረች። የይበልጣልን ሁሉ ነገር የምታውቅ ሴት፣ እኔን በየት በኩል እንደምትይዘኝ ግራ ገባት።

«አንጓች፣ ሲያምሽ እማ ምን ታደርግልሽ ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ቅናቴ ከአፌ አመለጠ። «እማ ጠይቃኝ አታውቅም። እሷ ታውቀዋለች። አንች ነሽ የማታውቂ።»

አልተቆጣችም። ይበልጣልን ፈትታ አልጋ ላይ አስተኛችውና አጠገቤ ተቀምጣ ባዶውን አንቀልባ ጭኔ ላይ አደረገችው።

«ይኸን አባትሽ ያሠራው ለማን መሰለሽ? ላንች እኮ ነው። እማ ልትወስድሽ የመጣች ዕለት ልብስሽን ሁሉ አስሬ ሰጠኋት፤ አንቀልባውን ግን፣ ልጀ ከሄደች ይኸ ይቅርልኝ ብየ ከለከልኋት። ባዶውን ሰቅየ ሳየው ኖርሁ። እዚያ በመጣሁ ቁጥር እማ፣ እማ እያልሽ ቀሚሷ ሥር ስትገቢ፣ ቤቴ እስክመለስ ሆዴን ይፈጀኝ ነበር። በእናቱ የሚቀና ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔን እይኝ» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እኔ በይበልጣል ስቀና፣ እሷ ደግሞ በእማ ስትቀና ኖራለች። እሷም ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችኝና «ነይ፣ እዘልሻለሁ» አለችኝ። እንቢ አላልኩም። አንቀልባው ከወገቤ በላይ አልደረሰም፣ እግሮቼ ተንጠልጥለው ወረዱ፣ ጠፍሩ ደረቷ ላይ ሲከርር ትንፋሽ አጠራት፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ እሹሩሩ እያለች ግቢውን አዞረችኝ።

አንዲት ጎረቤት በአጥር አሻግራ አየችንና «ኧረ አንች፣ እግሯ መሬት የደረሰ ልጅ ይታዘላል?» ብላ ሳቀች።

«የቀረብኝን ነው» አለች እታለም።

ይበልጣል ቤት ውስጥ ሆኖ ያለቅስ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶው ጣፈጠኝ።

እንዲህም ሆኖ ቅናቴ እንደ ጉንፋኑ ቶሎ አልለቀቀኝም። በጋውን ሁሉ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ይበልጣል አፉን ሲፈታ «እማዬ» ይላታል፣ እኔ ልላት ያልቻልኩትን። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቤት ባዋለን ሰሞን አፉን ፈታ፤ ያለው ግን «ታለም» ነበር። ከእኔ ነው የሰማው። እታለም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እስከ ዛሬ ከሁለት ልጆቿ አንዳችንም እማዬ ብለናት አናውቅም።

አሁን የምኖረው ቡሬ ከተማ ነው። ልጄን ጉንፋኑ ሲይዛት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ነርሷ ተራ ጉንፋን መሆኑን ነግራኝ፣ ለአፍንጫዋ የጨው ውሃ ጠብታ ሰጥታ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት አለችኝ። ዳማከሴውን ያሸሁት ለልማድ ያህል ነው። እታለም የልጄን ለቅሶ በስልክ ሰምታ በማግስቱ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ከች አለች፣ አንቀልባውን ይዛ። ዛጎሉ ረግፎ ጥቂት ቀርቷል። በእኔ እቅፍ አልባበል ያለች ልጅ፣ እሷ ጀርባ ላይ እንደወጣች ጸጥ አለች።

ያ የድሮው ቃጠሎ ተነሣብኝ። ልጄ ጡት ልትጥል ተቃርባለች፤ ዘመዶቻችንም የበኩር ልጅ ለአያት ነው ማለት ጀምረዋል። እታለም ልትጠይቀኝ እንደመጣች ጠረጠርኩ። እንቢ ብላት፣ አንድ ጊዜ ልጇን የተነጠቀችውን ሴት ደግሜ መንጠቄ ነው። እሺ ብላት ደግሞ ልጄ እኔን ምን ብላ ልትጠራኝ ነው?

ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት እታለም መጥታ «ዙሪ» አለችኝ። ዞርኩ። ልጄን ከነሙቀቷ ጀርባዬ ላይ አድርጋ ጠፍሩን ደረቴ ላይ አጠበቀችው።

«ማንም ቢጠይቅሽ እንዳትሰጭ» አለችኝ። «እኔም ብሆን።»

ያኔ ልጅ ሄዶ ባዶ አንቀልባ ነበር የቀረው፤ ዘንድሮ ሁለቱም ከእኔ ጋር ቀሩ፣ ባዶ ጀርባዋን ይዛ የተመለሰችው እታለም ናት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አንድ ጊዜ እንኳ «እማዬ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እታለም» ነበር።

«ወየ፣ ልጀ» አለችኝ በመስኮቱ።