አይላላጥም

ቲሸርት ላይ ጽሑፍ የሚያትመው ሰውዬ፣ ራሱ የሚለብሰው አንድ ቃል ያልሰፈረበት ግራጫ ሸሚዝ ነው። ሙሽሪት ይህን ያስተዋለችው ከእጮኛዋ ጋር ቆማ ቲሸርቷን ስትጠብቅ ነው። መቁረጫ ማሽኑ ሲጥ ሲጥ እያለ ከቀዩ ስስ ፕላስቲክ ላይ «ለዘላለም» የሚለውን ቃል ገልብጦ ቆረጠ። ሰውዬው ትርፍራፊውን በመርፌ ጫፍ፣ ከሕፃን ጣት እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ለቀመ። ከዚያ ፊደሎቹን ቲሸርቱ ላይ ደፍቶ የጋለውን መተኮሻ ተጫነባቸው። ሲበርድ ሽፋኑን ላጥ ቢያደርገው ቃሉ ተቃንቶ ታየ።

«አይላላጥም አይደል፣ ጋሼ?»

«ገልብጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ እንዳትፈትጊው። ዕድሜ ልክ ነው።»

እጮኛዋ ሳቀ። «ሁሉም ሻጭ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ አይቼ ነዋ የምናገረው» አለ ሰውዬው፣ ቅር ሳይለው ቲሸርቱን እያጠፈ። «ለባለቤቴ ይህንኑ ቃል ሠርቼላት ነበር። በቀደም ከአዲሱ ባሏ ጋር ገበያ አገኘኋት፤ ለብሳዋለች። አንዲት ፊደል እንኳ ንቅንቅ አላለችም!»

በእጁ ሥራ ኮርቶ ፊቱ በራ። ሙሽሪት ልትስቅ ብላ ዓይኑን አየችና ተወችው፤ ቲሸርቱንም በሁለት እጇ ተቀበለችው።