ጸሎት የመሰለው ፓስወርድ

ጡረታ ወጣሁ ስል ያላመነኝ ሰርቨሩ ብቻ ነው። ቃሊቲ ባለው የመለዋወጫ መጋዘን የዕቃው መረጃ ሁሉ ያለበትን ያን ኮምፒዩተር ዛሬም እኔው ነኝ የምጠብቀው። ጠዋት ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት እገባና እፈትሸዋለሁ። ጉልበቴ አውቶቡስ መሳፈር እምቢ ካለ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? ካልሲ እንኳ አላደርግም።

አንድ ቀን ኃላፊዋ፣ እኔው ሥራ ያስለመድኳት ልጅ፣ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፓስወርድዎ የውሻዎ ስም ነው አሉ።»

«የሞተው ውሻ ነው እኮ፤ ማን ያስታውሰዋል?»

«ሰፈሩ በሙሉ! በዚያ የገባ ሰው መረጃውን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ረጅምና የማይገመት ያድርጉት። ይሄም ከወጣ ከቤት ሆነው የሚገቡበትን እዘጋዋለሁ፤ ቃሊቲ ድረስ መመላለስዎ ነው።»

ደነገጥኩ። የማይገናኙ ቃላት ሰካክቼ አንድ ረጅም ነገር ሠራሁ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ሌባው ጸጉሩን ሲነጭ እየታየኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ብዙም አልቆየ። ከበረንዳዬ ሥር ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው፣ ዳቦ ስገዛ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት የሚደግሟት ምንድን ናት? አህያ፣ ሚዶ፣ ጉማሬ፣ ቃሪያ፣ መሰላል... የእናንተ የክርስቲያኖቹ ጸሎት ናት?» አይለኝም!

ፓስወርዴ እኮ ናት! በወጣትነቴ ታይፕ የተማርኩት ቃሉን ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነው፤ ጣቴ ያለ አፌ መጻፍ አያውቅም።

«አዎ፣ ጸሎት ናት» አልኩት። ውሸትም አይደል፤ ሰርቨሩ እንዲከፍትልኝ የምለምነው በእሷ ነው።

ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጥቼ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ከዚያ ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ግን እስካሁን ሾልኮ የገባ ሰው ካለ ልጅቷ ማጣራት አለባት። ደውዬ ዘረገፍኩላት። ማን እንደገባ ለማየት ኪቦርዷን ስትቀጠቅጥ በስልኩ ይሰማኛል። ዓይኔ ካልሲ መፈለግ ጀመረ።

በመጨረሻ ሳቋ መጣ። «አየሁት ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር የገባ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር፤ አልዘጋውም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ስልክዎ ላይ የሚላክ ቁጥርም ይጠየቃሉ። አፍዎንስ በምን እንዝጋው?»

«በመፋቂያ» አልኳት።

ይኸው፣ አሁን መፋቂያ ነክሼ ነው የምጽፈው። ጥርሴም ነጣ፤ የቀሩት ማለቴ ነው። ባለሱቁ ግን አዝኖልኛል።

«ጋሼ፣ ጸሎቱን ተዉት እንዴ?»

«በልቤ ሆኗል» እለዋለሁ፣ መፋቂያዬን ሳላወጣ።