ጭራው ላይ መብራት ያለው ዓሣ

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት የሣለችውን የጥልቅ ባሕር ዓሣ «ይህማ ቅጥፈት ነው!» ብዬ በላጲስ አጠፋሁባት። እባብ የመሰለ ቀጭን ገላ፣ ገላውን የሚያስንቅ አፍ፣ ጭራው ጫፍ ላይ መብራት! «ኧረ አባባ፣ መጽሐፉ ላይ አለ!» ብላ አለቀሰች። ምን ይሻለኛል!

የላጲሱ ሽታ ልጅ ሆኜ ወደ ተማርኩበት ሞጣ ወሰደኝ። መምህራችን ያንኑ ዓሣ በጠመኔ ሥለው፣ «እዚያ ጨለማ ውስጥ ምግብ ብርቅ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ እንዲውጥ አፉ ሰፋ» ሲሉ፣ ብድግ ብዬ «ባሕር አላየንም ብለው ነው የሚዋሹን?» አልኳቸው። ተማሪው አውካካ። እሳቸው ተማርረው፣ «አንተም እንደ እሱ ነህ፤ አፍህ ከፊት፣ መብራትህ ከኋላ» አሉኝ።

ይኸው ሸብቼም መብራቱ ገና ነው። አሁን ቢቸና ቤቴ ተቀምጬ ዓሣውን መልሼ እሥላለሁ። ልጅቷ «አፉ ጠበበ፣ አባባ!» እያለች ታዘኛለች። አፉን እንደምንም ጨርሻለሁ፤ የጭራው መብራት ግን ገና ዕዳዬ ነው።