የጋሼ ከማል ፈረስ፣ የአባቴ ላም

ባለፈው ጥቅምት መቱ መናኸሪያ አጠገብ ከባጃጅ ስወርድ፣ ፀሐይ የመታው የአሮጌ መኪና ወንበር ሽታ፣ ቆዳና ቤንዚን ከመንገድ አቧራ ጋር አብሮ የበሰለ የሚመስለው ያ ሽታ፣ ባለሁበት አቆመኝ። የድሮ መኪና ፍቅር ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ሦስት ወጣቶች አንድ ያረጀ ስቴሽን መኪና ኮፈኑን ከፍተው ይከራከራሉ። አንዱ «መኪና ማለት ሞተር ነው» ይላል፤ ሌላው «ቤተሰብ የማይጭን መኪና መጫወቻ ነው» ይለዋል። ፈገግ አልኩ። ይህን ክርክር ልጅ ሆኜ ከአባቴና ከጋሼ ከማል አፍ በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

አባቴ ታደሰ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ አናጺ ነበር። ረጅሟን ፔጆ አርጅታ ገዝቶ በገዛ እጁ አደሳት፤ በሆዷ ጣውላ፣ በጣሪያዋ ፖርቶመጋላ ላይ አልጋና ቁም ሣጥን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰርገኛ ትጭን ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ከማል የጉራጌ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከመቱ ወንዶች ሁሉ ልብሱ የማይጨማደድ፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ደም የመሰለች አሜሪካ ሠራሽ መኪና እየነዳ ገባ። ስትነሳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ የእሱን «ፈርዳ»፣ የአባቴን «ሰአ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ፈረስና ላም ማለት ነው። ሁለቱም በስሙ ኮሩ።

እሑድ ከሰዓት በግቢያችን ባለው የዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጀምሩታል። ጋሼ ከማል የጎሬን ዳገት ማርሽ ሳይቀንስ እንደወጣው ይተርካል፤ አባቴ በረጋ ድምፅ «ስትወጣ ማንን ይዘህ ወጣህ?» ይለዋል። እትዬ ዘይነብ፣ የጋሼ ከማል ባለቤት፣ ከእኔ ጋር ሆና ትስቃለች። ልጅ አልነበራትም፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ፀጉሬን የምትሠራልኝ፣ ቀሚሴን የምትሰፋልኝ እሷ ነበረች። ጉልበቷን ስለሚያማት በዚያች ዝቅተኛ ፈረስ መግባትና መውጣት ያቅታታል፤ ገበያ ስትሄድ በላሚቱ ነበር የምትሄደው። ለባሏ ግን አትነግረውም።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በሐምሌ አንድ ጠዋት እትዬ ዘይነብ ሆዷን ይዛ ወደቀች። በሆስፒታል ያያት ሐኪም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋትና ሳይውል ሳያድር ጂማ እንድትደርስ ነገረን። እኔ የአባቴን እጅ እንደያዝኩ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ሐኪሙ የተናገረውም ይህንኑ ብቻ ነው። አባቴ ሮጦ ፔጆዋን አመጣ፤ የኋላ ወንበሮቹን አጥፎ ፍራሽ አነጠፈ።

«ተኝታ ትሂድ ከማል። ክረምት ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ነው» አለው።

ጋሼ ከማል ፍራሹን አየ፣ ሚስቱን አየ። «ያንተ እስክትደርስ ይመሻል ታደሰ። የኔ ትፈጥናለች» አለና አቅፎ በራሱ መኪና አስገባት። አባቴ አልተከራከረም። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ከኋላቸው ተነሳ፤ ቀይዋ መኪና ግን ገና ከከተማ ሳንወጣ ከዓይናችን ተሰወረች።

ያገኘናት ያዮን አልፈን ነው። ጎርፍ ያወጣው ድንጋይ ሆዷን ቀዶት፣ ዘይቷ ከጭቃው ጋር እየፈሰሰ፣ መንገዱ መሐል ቆማለች። ጋሼ ከማል በዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሱን ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። ስንት ሰዓት እንደቆመ አልጠየቅነውም። እትዬ ዘይነብን ወደ ፍራሹ አዛወርናት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። ወንዶቹ ከፊት ተቀመጡ። ላሚቱ በዝግታ፣ ግን አንዴም ሳትቆም ሄደች። እትዬ ዘይነብ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ይቺ ትሻለኛለች። ለከማል እንዳትነግሪው» አለችኝ በሹክሹክታ። በደሌን አልፈን ብዙም ሳንርቅ እጇ በእጄ ውስጥ ከበደኝ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ጋሼ ከማል ራሱን እንዳቀረቀረ «ያኔ ብሰማህ ኖሮ» አለ።

አባቴ ወዲያው «ብትሰማኝም አንደርስም ነበር» አለው። «ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነግሮኛል። በየትኛውም መኪና ብትሄድ ጂማን አታይም ብሎኛል። መፍጠንህ ትክክል ነበር።»

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። አላየኝም። ቤት ስንገባም ስለዚህ ነገር አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ላሚቱ አንድም ቀን ሲመካ አልሰማሁም። ሰው «ለመሆኑ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ብሎ ሊያጫውተው ሲሞክር «ፈረስ ነው እንጂ፣ ላም ደግሞ ምን መኪና ነው» ይል ነበር። ጋሼ ከማል ቀይዋን መኪና አስጠግኖ ለማያውቀው ሰው ሸጣት። እሑድ እሑድ ግን መምጣቱን አልተወም፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና እያወሩ ይመሻል።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ዐረፈ። በለቅሶው ጋሼ ከማል በከዘራ ተደግፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «አባትሽ ውሸት አይችልበትም ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ሐኪሙ የትም አልጠራውም። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ እርምጃ ከአጠገቤ አልራቀም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉት?»

«እሱ ያችን ውሸት ባያበድረኝ በምን እኖር ነበር? አውቃለሁ ብዬ ብነግረው ደግሞ ይከፋው ነበር።»

ጋሼ ከማልም ዘንድሮ ከእኛ ተለየ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ጂማ ጠዋት የወጣ ለምሳ ይደርሳል፤ መኪናውም በየደጁ ፈጣንም ሰፊም ሆኗል። አንዱ እየዋሸ፣ ሌላው እያወቀ፣ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጥላ ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ግን መቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።