የኢርማቶችን ዋና ከተማ ታቅፌ ከወልቂጤ ቡታጅራ

ዓርብ ማለዳ ከአየር ጤና ወደ ወልቂጤ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነበር፤ ጓደኛዬ ነስረዲን ጨዋታችንን እንዳይተው ማድረግ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ላስረዳ። እኔ፣ በረከትና ነስረዲን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን። መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ጠረጴዛ ላይ በዳይስና አውራ ጣት በሚያካክሉ ወታደሮች የምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ፈጠርን። ታሪኩ በሩቅ ፕላኔት ላይ ነው። ኢርማት የሚባሉ ፍጥረቶች የሰው ልጅ እሳት ማንደድ ሳይጀምር ከተሞች ሠርተው ይኖራሉ፤ የእኛ ዘር ደግሞ በመርከብ ሄዶ ይወራቸዋል። ሕጉን የምጽፈውም ወራሪውን ጦር የማዘውም እኔ ነኝ። በረከት ከተሞቹን ከእንጨትና ከካርቶን ይሠራል። የኢርማቶቹ አዛዥ ነስረዲን ነው።

እስካሁን አራት ከተሞች ሠራን፤ አራቱም ወደቁ። ነስረዲን መጫወት ስለማይችል አይደለም። ኢርማቶች ጥንታዊ ናቸው ብዬ ግንባቸውን የተሰነጠቀ፣ ቁጥራቸውንም የመነመነ አድርጌ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራተኛዋ በወደቀች ሰሞን ነስረዲን በስልክ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ሳሚ፣ ሁልጊዜ የሚፈርስ ከተማ መጠበቅ ሰለቸኝ። አምስተኛዋን እጫወትና አቆማለሁ።» ነስረዲን ቡታጅራ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ሲጽፍ አይቀልድም።

እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀኝ ጨዋታው ብቻ አልነበረም። ሦስታችንም ሥራ ይዘን ከተበታተንን ወዲህ የሚያገናኘን እሱ ነው። እሱ ከቆመ በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» የምንባባል ሰዎች ሆነን እንደምንቀር ይታየኝ ነበር። ስለዚህ አምስተኛዋን፣ ዋና ከተማቸውን፣ በቀላሉ የማትደፈር አድርጌ ነደፍኩና ለበረከት ላክሁለት። ዙሪያዋን ድርብ ግንብ፣ በየማዕዘኑ ማማ። ነስረዲን አንዴ ቢያሸንፈኝ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ነው።

ወልቂጤ

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ የገባነው ለምሳ ነው። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ወደ በረከት ወርክሾፕ ሄድኩ። በርና አልጋ ይሠራል፤ ግቢው ሁሉ የዋንዛ ፍቅፋቂና የቫርኒሽ ሽታ ነው። ከተማዋን ላያት ብቸኩልም መጀመሪያ ምሳ አለ። ዓርብ ቢሆንም በረከት ቤት ጾም የለም፤ ለብለብ ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር ቀረበ፣ በረከት ጸለየ፣ ረጅም ጸለየ፣ ከዚያ በላን።

ከምሳ በኋላ ጨርቁን ገለጠልኝ። ድርብ ግንቡ አለ፣ ማማዎቹ አሉ፣ ክብ ክብ ቤቶቹ በግራና በቀኝ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። መሃሉ ግን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ በተቀባ ሰጋቱራ የተሸፈነ ባዶ ሜዳ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የቱ?»

«መሃሉ።»

«ጀፎረ ነዋ!»

ለማያውቅ አንባቢ፣ ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ልጅ ይጫወትበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም ሽምግልናውም እዚያ ነው። የሁሉም ስለሆነ አጥሩን ገፍቶ ከጀፎረ መሬት የሚቆርስ ሰው በአገር ፊት ይዋረዳል።

«በረከት፣ እኔ መሃሉን ባዶ የተውኩት ገና ስላልወሰንኩ ነው! ቤተ መንግሥት ላድርገው፣ የኃይል ማማ ላድርገው እያልኩ ነበር።»

«ቤቱን ግራና ቀኝ ደርድረህ መሃሉን ባዶ አድርገህ ከላክልኝ ምን ልበል? እኔማ ደስ አለኝ። ሳሚ በመጨረሻ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሣለ አልኩ።»

የእኔ ጦር ትልቁ መድፍ በሩ ላይ ከቆመ ያንን ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። ነስረዲን መከለያ የለውም፤ ሳይቀመጥ ይሸነፋል። መሃሉ ላይ አንድ ሕንፃ እንዲጨምርልኝ ለመንኩት።

«ጀፎረ ላይ?» አለ በረከት፣ ፊቱ ላይ ምንም ቀልድ ሳይታይ። «አባትህ ቸሃ ተወልዶ እንዲህ ትላለህ? አልሠራም።» መዶሻውን አነሣና ወደ አልጋው ተመለሰ።

በቸሃ በኩል

ቅዳሜ ጠዋት በረከትና እኔ ከተማዋን በካርቶን ታቅፈን ወደ እምድብር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጭኔ ላይ አልበቃ ስላለችኝ አንድ መቀመጫ ያዘች። ወያላው የከተማዋንም ሂሳብ አምጣ አለኝ፤ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። የሳምንቱ ሁለተኛ ሽንፈቴ ነው፤ የመጀመሪያው ትናንት በበረከት የደረሰብኝ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ካርቶኑ አጮለቁ።

«የልጅ መጫወቻ ነው?»

«ከተማ ነው፣ እማማ።»

«የማን ከተማ?»

«የኢርማቶች። በጣም ሩቅ ነው አገራቸው።»

ክዳኑን ገለጥ አድርገው ቤቶቹን አዩ፣ ሜዳውን አዩ። «ሩቅም ሆነው ጀፎረ አላቸው! ጎሽ!» አሉና አረፍ ብለው ተቀመጡ። ስለ መድፉ ላስረዳቸው አልሞከርኩም። በረከት መስኮቱን እያየ ይስቃል።

ከጉብሬ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል። አንድ መንደር ስንደርስ ጀፎረው ላይ ለቅሶ ነበር። ሰው ሣሩ ላይ ረድፍ ይዞ ተቀምጧል፣ አዲስ የሚመጡ ለቀስተኞች በአንድ ጫፍ እየገቡ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወያላው ዘፈኑን አጠፋ፣ እማማም አንገታቸውን ደፉ። መንደሩን ካለፍን በኋላ ነው ዘፈኑ የተከፈተው።

መኪና ቀይረን በእዣ በኩል ወደ ደጋው ወጣን። እዚያ ጭጋግና ብርድ ነው፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ኮረኮንቹ ላይ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ከፍ አድርጌ ስለያዝኩ ክንዴ ዛለ። ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ሞቀ፣ ጃኬት ወለቀ፣ ቡታጅራ ገባን።

ቡታጅራ

ነስረዲን በአባቱ የበርበሬ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «አሰላሙ አለይኩም፣ ወራሪዎች!» ብሎ አቀፈን። ሳቁ ያው ነው፣ ግን ቶሎ አለቀ። እኔ አስነጠሰኝ፤ በመጋዘኑ ውስጥ ሳያስነጥሰው የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ጓሮው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጅቷል።

ከተማዋን አወጣን። ነስረዲን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛውን ዞረ። ጎንበስ ብሎ በቤቶቹ መካከል አየ።

«ጀፎረ ማን አሰበ?» አለ።

«እኔ» አለ በረከት።

«ስህተት ነው» አልኩ እኔ።

ነስረዲን ወታደሮቹን ማሰለፍ ጀመረ። ሁልጊዜ ከግንብ ጀርባ ይደብቃቸዋል። ዛሬ አንድም ወደ ግንቡ አልወሰደም፤ ሁሉንም አምጥቶ ሜዳው መሃል አቆማቸው። ጠመንጃቸው ከስቴኪኒ የተሠራ ስለሆነ ይነቀላል። እያንዳንዱን እየነቀለ ከሜዳው ዳር ከመረና ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

«እኛ ጨርሰናል» አለኝ። «ያንተ ተራ ነው።»

ዳይሱ እጄ ላይ ነው። መድፉ በሩ ላይ ነው። መሣሪያውን አስቀምጦ ጀፎረ ላይ ለወጣ ሕዝብ ሕጉ የሚለው ነገር የለም፤ ስለዚህ መተኮስ እችላለሁ። ሁለት ሦስቴ ብወረውር ዋና ከተማቸውም አለቀች፣ ጨዋታውም አለቀ፣ ነስረዲንም የለም። ግን የፈራሁት ያን ብቻ አይደለም። ጠዋት ለቅሶው ላይ ያየኋቸው ሰዎች እዚያ ሰጋቱራ ላይ የተቀመጡ መሰለኝ፤ ቸሃ ተወልዶ ያደገው አባቴም ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። አፍሬ ዳይሱን አስቀመጥኩት።

«ኢርማቶች ምንድን ነው የሚሉት?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነስረዲን ከወንበሩ ቀና አለ። «መጀመሪያ እናንተ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩን። አራት ከተማ አፈረሳችሁ፤ አንድም ቀን ምክንያቱን አልነገራችሁንም።»

በረከት ወንበሩን ጎትቶ በመሃላችን ተቀመጠ። «በሉ እንግዲህ፣ ሽማግሌ ከሌለ እኔ አለሁ። እንግዳው ይጀምር።»

ጀመርኩ። ለካ ጦሬ ለምን እንደመጣ እኔም በደንብ አላውቅም! ውሃ አልን፣ ከከተማዋ ሥር ያለ ማዕድን አልን። ነስረዲን ስለ ወደቁት ከተሞች ካሣ ጠየቀ፤ እኔ ተሟገትኩ፤ በረከት ሁለታችንንም ተቆጣ። የዐስር ሶላት አዛን ሲል ነስረዲን ሊሰግድ ወጣ፤ እኛም ምንም ሳንነካ ጠበቅነው። ሲመለስ ከበር ላይ ሆኖ ነው ክርክሩን የቀጠለው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ድምፁ ዶርም እያለን እንደነበረው ሆኗል።

ሲመሽ ገና በሦስተኛው ከተማ ካሣ ላይ ነበርን። ካርቶኑን ሳነሣ ነስረዲን እጄን ያዘኝ።

«የት ልትወስዳት ነው? እዚሁ ትቆያለች። በሚቀጥለው ወር ስትመጡ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አራተኛውን ከተማ ገና መቼ አነሣሁብህ!»

በቀስታ የጠረጴዛ ልብስ አለበሳት። እኔም እሺ አልኩና ባዶውን ካርቶን አጣጥፌ ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁት።

ጥያ

እሁድ በረከት ቡታጅራ ካሉ ዘመዶቹ ጋር ቸርች ሊሄድ ስለቀረ ብቻዬን ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። ቡኢን አልፌ ጥያ ላይ ወረድኩ። ጥንታዊ ከተሞቼን ስስል ሁልጊዜ የማስበው የጥያን ትክል ድንጋዮች ነው፤ ሰይፍ የተቀረጸባቸው፣ ገሚሶቹ ዘመም ያሉ። አስጎብኚው ከሥራቸው መቃብር መሆኑን፣ የአንዳንዱን ምልክት ትርጉም ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ እንደሌለ ነገረኝ።

ዞሬ አየኋቸው። ከአጥሩ ማዶ ሰው ያርሳል፣ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፣ ከአስፋልቱ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ለኔ ጥንታዊ ማለት ያለቀለት ማለት ነበር። ኢርማቶች እንዴት እንደሚሞቱ በዝርዝር ጽፌያለሁ፤ የት ቁጭ ብለው እንደሚነጋገሩ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው። ድንጋዮቹን ተሰናብቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ መኪና ጠበቅሁ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሐና በሩን ከፈተችልኝ። ከተማዋን ሳልይዝ ባዶ እጄን መምጣቴን ስታይ ቅር አላት፤ ነስረዲን እንደሚያቆም ታውቅ ነበር።

«ምነው? ከተማዋ ወደቀች? ማን አሸነፈ?»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣ «ገና እየተነጋገርን ነው» አልኳት።